ጎን መስጠት

ላይት ክሩዘር የሚባለውን ትንሽ የጦር መርከብ የሚነዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ማንም እንደማይፈራው ነው። የሚፈራው ባትልሺፕ የሚሉት ትልቁ መርከብ ነው፤ መድፉም ወፍራም፣ ብረቱም ወፍራም። የላይት ክሩዘር ብረት ከሳርዲን ጣሳ ብዙ አይሻልም። ያለው ሀብት ቶሎ ቶሎ የሚተኩሱ ትናንሽ መድፎችና የሚደበቅበት ደሴት ነው። ከደሴቱ ወጥቶ ጎኑን ለጠላት የሰጠ እንደሆነ ጥይቱ መሐል ሆዱ ገብቶ ይገላግለዋል። ይህን ስናገር የሚሰማኝ የለም። ስልኩ ላይ ይህን የባሕር ጦርነት ጨዋታ የጫነ ሁሉ መንዳት የሚፈልገው ትልቁን ነው። ትልቁን ይነዳል፣ መሐል ባሕር ላይ ተቃጥሎ ይሞታል፣ ከዚያ እኔን ይሰድበኛል።

መሐመድሰዒድ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ኮበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር በሚባለው ሰፈር የአንድ ሽማግሌ የቤት ሾፌር ነኝ። ስማቸው አቡ ናስር ነው፤ እኛ የቤቱ ሰዎች ግን ባባ እንላቸዋለን። ካፊሌም፣ ማለት እዚህ አገር ያስገባኝ ዋሴ፣ እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ደማም ወደብ ላይ የውጭ መርከቦችን እየመሩ ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አንድም መርከብ አላጋጨሁም ብለው ይምላሉ። ልጃቸው ታብሌት ገዝቶ ይህን ጨዋታ ሲጭንላቸው ግን የኖሩበትን ጥንቃቄ ሁሉ አውጥተው ጣሉት። ባትልሺፕ መረጡ፤ አፍንጫውን ወደ ጠላት አዞሩና እስኪሰምጡ ድረስ ቀጥ ብለው ሄዱ። በማግስቱም እንደዚያው። በመጨረሻ እኔን ጠሩኝ።

"መሐመድ፣ አንተ ስትነዳ ሰው አይገጭህም" አሉኝ። "መርከብ ያዝና ከኋላዬ እየመጣህ ጠብቀኝ።"

እኔ ጨዋታ የምወድ ሰው አልነበርኩም። ግን የቤት ሾፌር ሥራ መንዳት የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ ሥራው መጠበቅ ነው። ሆስፒታል በር ላይ ትጠብቃለህ፣ ሞል በር ላይ ትጠብቃለህ፣ የባባ ሚስት ማዳም "አምስት ደቂቃ" ብላ የገባችበት ቤት በር ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠብቃለህ። ላይት ክሩዘርም ይኸው ነው። መጀመሪያ ደሴት ትመርጣለህ፤ አንተን የሚሸፍን፣ ጥይትህ ግን በአናቱ ላይ ተሻግሮ የሚወርድበት። ከዚያ አፍንጫህን ወደ መውጫው አዙረህ ትቆማለህ፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው። ትልቁ መርከብ ፊት ለፊት ወጥቶ ጠላትን ያይልሃል፣ አንተ ከኋላ ታቃጥለዋለህ። ጠላት እሳቱን እስኪያጠፋ ትታገሣለህ፤ ሲያጠፋ ሌላ ትለኩስበታለህ። ጥይት ወደ አንተ መምጣት ሲጀምር መድፍህን ዝም ታሰኛለህ፣ ዝም ስትል ከዓይናቸው ትጠፋለህ። ዝም አይነቅዝም። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም፤ በር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት።

ባባ ማሸነፍ ጀመሩ። ያሸነፍኩት እኔ ብሆንም ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፤ የቤት ሥራ እንዲህ ነው።

የባባ የልብ ወዳጅ አቡ ፈህድ ይባላሉ። ደማም፣ አል ጀለዊያ ይኖራሉ። ወደቡ ላይ አብረው ነው የሠሩት፤ ዓሣ ገበያም፣ ቀብርም፣ የጉልበት ሐኪምም ዘንድ የሚሄዱት አብረው ነው። ባባ ሲያሸንፉ አቡ ፈህድ ቀኑ፤ ያንኑ ጨዋታ ጫኑና የራሳቸውን ሾፌር ክሩዘር ላይ አስቀመጡት። ሾፌራቸው ሞገስ ይባላል፤ የሻሸመኔ ልጅ ነው። ጴንጤ ነው፤ መዝሙሩን የሚሰማው መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ሐኪም ዘንድ ሲገቡ እኛም አንድ ላይ መኪና ማቆሚያው ውስጥ እንጠብቃለን፤ በዚያው ወንድሜ ሆነ። ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ አራታችን ባባ እንግዳ መቀበያ፣ መጅሊሱ ውስጥ እንቀመጣለን። ባባና እኔ በአንድ ጥግ፣ አቡ ፈህድና ሞገስ በሌላው። ሁለት መርከብ በሁለት መርከብ።

ሞገስ አያያዙን ያውቅበታል። ከኔ እንደማይበልጥ ግን አሁንም እናገራለሁ።

አሁን ወደ ችግሬ ልግባ። ኮምቦልቻ ረምዚያ የምትባል እጮኛ አለችኝ። ሰርጋችን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ያራዘምኩት እኔ ነኝ። ካፊል ኹሩጅ ዓውዳ፣ ማለት ሄዶ የመመለሻ ፈቃዱን፣ ካላወጣልህ ከዚህ አገር መውጣት የለም። መጀመሪያ ስጠይቅ ባባ "ሙስተዕጂል?" አሉኝ፤ ቸኩለሃል ወይ ማለታቸው ነው። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ "የለም ባባ፣ እርስዎ ሲመችዎት" አልኩ። ባባ ቅን ሰው ናቸው፤ እስኪመቻቸው ቆዩ። ሁለተኛም እንዲሁ ጠየቁኝ፣ እንዲሁ መለስኩ። አገሬ ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ የሰማ ሰው "ልጁ ቸኩሏል" ብሎ ነገውኑ ይሸኘኝ ነበር። እዚህ ያልከውን ነው የሚሰሙህ።

የረምዚያ አባት በስልክ ቁርጡን ነገሩኝ። ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሳያልቅ ካልመጣሁ ልጃቸውን ለጠየቀ ሌላ ሰው እንደሚሰጡ፣ የጠየቀም እንዳለ፤ ደሴ መንገድ ላይ የግንባታ ዕቃ መደብር ያለው ሰው። "ልጄ ጎተራ ውስጥ ያለ እህል አይደለችም" አሉ። ትክክል ናቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ማልቀስ አማረኝ፤ ማዳም መጣችና አልተመቸኝም።

በዚያው ሳምንት ሞገስም ፈቃድ ጠየቀ። ሜሪ የምትባል ልጅ አለችው፤ እሱ ከመጣ በኋላ ነው የተወለደችው። አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ "አባዬ ተኛ" ትላለች። ይህን ለኔ ሲነግረኝ ይስቃል፤ ሁልጊዜ ሲጨርስ ግን ውኃ ይጠጣል።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። እኛ የትም የምንሄደው አብረን ነው፣ አንድ ሾፌር ይበቃናል፤ ሁለቱ አንድ ላይ መሄድ ግን ማፊ፣ የለም አሉ። ታዲያ የቱ ይሂድ? አቡ ፈህድ ጢማቸውን ዳሰሱና "ባሕሩ ይፍረድ" አሉ። የፊታችን ዓርብ ያሸነፈው ወገን ሾፌር ይሄዳል። የተሸነፈው ቀርቶ እሱ እስኪመለስ ሁለቱንም ቤት ይነዳል። ባባ እጃቸውን ዘረጉ፣ ተጨባበጡ። እኛን የጠየቀን የለም። ቢጠይቁንም "እንደተመቻችሁ" ነበር የምንለው።

ዓርብ ከመድረሱ በፊት ሽማግሌዎቹ ለጉልበታቸው ሐኪም ዘንድ ገቡ፤ እኔና ሞገስ መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍተን ተቀመጥን።

"አንተ ሂድ" አለኝ ሞገስ። "ሰርግ ቀን አለው።"

"ኧረ በጭራሽ! አንተ እኮ ልጅህን በዓይንህ አላየህም።"

"ልጄ የትም አትሄድብኝም። ሙሽራ ግን ትሄዳለች።"

"አላህን ሞጌ፣ አንተ ቅደም።"

"በጌታ ስም አይሆንም።"

"በሞቴ።"

"በኔ ሞት። ካልሄድክ አላናግርህም።"

ያን ጊዜ እሺ አልኩ። ሕጉ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ ያለ ስግብግብ ነው፣ እስከ መጨረሻው እንቢ ያለ ደግሞ ጋባዡን ይንቃል። በልኩ ተግደርድረህ ትቀበላለህ። ሁለታችንም በልኩ ተግደርድረናል። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊት ተፋጠው ይሰምጣሉ፤ እኛ ሁለት ክሩዘሮች ብቻ ስንቀር ሞገስ ከደሴቱ ወጥቶ ጎኑን ይሰጠኛል፤ እኔ እተኩሳለሁ። ኸላስ፣ አለቀ። የዚያን ዕለት ለረምዚያ ደውዬ "መጣሁ በቃ" አልኳት። ደስታዋን እንዳልሰማ አፏን በነጠላዋ እንደያዘች አውቃለሁ።

ዓርብ ደረሰ። ማዳም ሳምቡሳ ላከች። ባባ አዲስ መነጽር አድርገው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ያሰብነውን አደረጉ። ባባ ቀጥ ብለው ወጡ፣ አቡ ፈህድም ቀጥ ብለው ወጡ፤ በወደቡ ዘመን እንዲህ ቢነዱ ኖሮ ደማም ዛሬም ዕቃ በግመል ይገባላት ነበር። እኔ በስተግራ ካለው ደሴት ኋላ ሆኜ አቡ ፈህድን አቃጠልኩ። ሞገስ በስተቀኝ ሆኖ ባባን አቃጠለ። በሚያምር ሥራ ነው የሠራነው፤ አንዳችንም አንዴ እንኳን አልታየንም። ባባ እየነደዱ "መሐመድ፣ የታለህ?" ይሉኛል። "ከኋላዎ ነኝ ባባ።" አቡ ፈህድ ሰመጡና ሞገስን ረገሙት። ወዲያው ባባም ሰመጡና እኔን ረገሙኝ። ሁለቱም ታብሌታቸውን አስቀምጠው የኛን ስልክ ለማየት በየትከሻችን ላይ ተደገፉ።

ባሕሩ ላይ ሁለት ክሩዘር ቀረ።

ሞገስ ከደሴቱ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ተባባልነው፣ ጎኑን ሙሉ በሙሉ ሰጠኝ። ከዚያ ርቀት አዲስ ጀማሪም አይስትም። መድፌ ጎርሷል፤ ጣቴ መተኮሻው ላይ ናት።

"አጊጦ ነው የወጣው!" አሉ ባባ በደስታ። "ያላ! ምታው!"

እኔ ግን ያን ጎን ሳይ ሌላ ነገር መጣብኝ። አባቷ እንዳይነቃ ብላ ስልክ ላይ ብርድ ልብስ የምታለብስ ልጅ ታየችኝ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳደረገች ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ የፈጠርኩት፣ ግን ታየችኝ። ጣቴ እንቢ አለች። ደግሞ ሰው ጎኑን ሲሰጥህ ዝም ብሎ መተኮስ ነውር መሰለኝ፤ አንዴ እንኳን "ተው" ሳይሉ። ስለዚህ ከደሴቴ ወጣሁ። መሪውን አዞርኩና እኔም ጎኔን ሰጠሁት።

"ምን እያደረግክ ነው?" አለኝ ሞገስ በአማርኛ፣ ቀና ሳይል። "ተኩስ እንጂ።"

"አንተ ተኩስ።"

"አልተስማማንም እንዴ?"

"በሞቴ ሞጌ። ተኩስ።"

"ምን ይላል ይሄ?" አሉኝ ባባ።

"ያስፈራራኛል፣ ባባ።"

ሁለት መርከቦች እንደ ቆሙ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ተያየን። አቡ ፈህድ ባሕር ላይ በኖሩበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም አሉ። እኔ ቀጥሎ የሚሆነውን አውቅ ነበር፤ ሞገስ "በኔ ሞት" ይላል፣ እኔ አንዴ እምቢ እላለሁ፣ እሱ ይቆጣል፣ ያኔ ምርር ብሎኝ እተኩሳለሁ። ልክ ምግብ ቤት ሒሳብ ለመክፈል እንደ መታገል ነው፤ እጄን ኪሴ ከትቻለሁ እንጂ ገንዘቡን አላወጣሁም።

ሞገስ ቀና ብሎ አየኝ። ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ ተኮሰ።

መርከቤ ከመሐሏ ተከፈለች። አቡ ፈህድ ዘለው ተነሡ፤ ጉልበታቸው ትዝ ያላቸው ከዘለሉ በኋላ ነው። ሞገስ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ርጥብ ነበር። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው አይደለም፤ እንዳለቀሰ ገባኝ። አጠገቤ ቁጭ አለና "ከልብህ ነው አይደል?" አለኝ።

"ከልቤ ነው" አልኩት።

ከልቤ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ያን ዕለት የማውቀው እንደ ተናደድኩ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ "እንቢ" ቢለኝ ምን ነበረበት? በሞቴ ሲሉት የሚሰማ ሰው እኔን ሊገጥመኝ?

ባባ አልተቆጡም። አሰቡ። በወደቡ ዘመናቸው ካፒቴን ጎኑን የሚሰጠው ወይ ዓይኑ ሲደክም ነው ወይ እንቅልፍ ሲያጣ ነው አሉ። ቅዳሜ ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው "ያ መብራት ቀይ ነው፣ ታየህ?" ይሉኛል። ሐኪሙ ፊደሎቹን አስነብቦኝ ዓይኔ ምንም እንከን የለበትም አለ። ባባ ይህን ሲሰሙ ይበልጥ አዘኑ።

ለረምዚያ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ደሴቱን፣ ጎኑን፣ የሞገስን ልጅ። በመጨረሻ ታዝንልኛለች፣ እንዲያውም ደግ ነህ ትለኛለች ብዬ ነበር።

"ለሰው ልጅ አዘንክ" አለችኝ። "ደግ ነው፣ አላህ ይክፈልህ። ግን የሰጠኸው የራስህን ብቻ መሰለህ? የኔንም ነው የሰጠኸው። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

"ረምዚያ..."

"ሁልጊዜ ለሁሉም ሰው 'እንደተመቸህ' ትላለህ። ለኔ የተመቸኝ መቼ ነው?"

ዘጋችው። ጥይት እንዲህ መሐል ሆዴ ገብቶ አያውቅም።

ሞገስ ሄደ። እኔ ሁለት ቤት ነዳሁ። ረመዳንን ከኮበር ደማም፣ ከደማም ኮበር ስመላለስ ጾምኩ። አፍጥር ሲቃረብ ሰው ሁሉ እንዳበደ ይነዳል፤ እኔ ከከባድ መኪና ኋላ ተደብቄ በእርጋታ እሄዳለሁ። ሻዕባን አልፏል፤ የመደብሩ ሰውዬ ሽማግሌ ልኳል፤ ረምዚያ ስልኬን አታነሳም። ሽማግሌዎቹ መርከብ እንጫወት ሲሉኝ ዓይኔን ያመኛል አልኳቸው። ባባ ጠብታ ገዙልኝ።

ሞገስን ስሸኘው ለሰርጉ የገዛሁትን ቀሚስ ሰጥቼው ነበር፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመዴ እንዲያደርስልኝ። ለዘመዴ አልሰጠውም። ልጁን ካያት በኋላ፣ ያውም ልጁ መጀመሪያ ቀን ከሱ ሸሽታ ስልኩን ፍለጋ ከሄደች በኋላ፣ ለምዳው ትከሻው ላይ መተኛት ከጀመረች በኋላ፣ ቀሚሱን ይዞ ከሻሸመኔ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ድረስ አውቶቡስ ለአውቶቡስ ሄደ። ረመዳን ነውና ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ የረምዚያ አባት በር ላይ ተቀመጠ። አንድ የሻሸመኔ ጴንጤ፣ ብቻውን፣ ሽማግሌ ሆኖ። አፍጥር ላይ አስገቡት። ተምሩን እንደ ሰጡት "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የተኮስኩት" አላቸው። አባትየው ስለ መርከቡ ምንም አልገባቸውም፤ ሰውየው ግን ገባቸው። ከረመዳን ቀጥሎ ያለው ሸዋል እስኪያልቅ እጠብቀዋለሁ አሉ።

ይህን የነገረኝ ከዒድ በኋላ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዤው ስመጣ ነው። መኪናውን ዳር አቁሜ ወርጄ አቀፍኩት። ተናድጄበት እንደ ነበር ነገርኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። "ስተኩስ ፊትህን አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ተኮስክ?"

"አንተ እንቢ እንድልህ ትጠብቅ ነበር። እኔ ደግሞ ልጄን ማየት እፈልግ ነበር።"

በዚያው ምሽት ረምዚያ ራሷ ደወለች። ሰላምታም አላበዛችም። "ነገ ባባህን ጠይቅ" አለችኝ። "ሲመልሱልህ 'እንደተመቸዎት' የምትል ከሆነ ግን አትደውልልኝ። ቀሚሱን ለሌላ ሰው እለብሰዋለሁ።"

ማግስቱ ዓርብ ነበር። አራታችንም መጅሊሱ ውስጥ ነን። ባባ ባትልሺፓቸውን መርጠው አፍንጫዋን ወደ ጠላት እያዞሩ ነው።

"ባባ፣ ወደ አገሬ መሄድ እፈልጋለሁ" አልኩ።

ከታብሌቱ ቀና አላሉም። "ሙስተዕጂል?"

አፌ የለመደውን ሊል ተነሣ። ምላሴን ያዝኳት።

"አዎ ባባ። በጣም ቸኩያለሁ።"

ባባ ታብሌቱን አስቀመጡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው በአንድ ጣታቸው ነካኩ። የኔ ስልክ ጮኸ፤ ፈቃዱ ወጥቷል። የክሩዘሬ መድፍ ለመጉረስ የሚፈጅበትን ያህል እንኳን አልፈጀም።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?" አሉኝ፤ የእውነት ከፍቷቸው ነበር። "እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር።"

እንዲህ ያሉ ደግ ሰው ብቻቸውን ጥዬ ልሄድ? "እርስዎን ታዲያ ማን..." ብዬ ስጀምር ከወዲያኛው ጥግ ሞገስ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ በአማርኛ "ዋ!" አለኝ።

"ምን ይላል ይሄ?" አሉ ባባ።

"ያስፈራራኛል፣ ባባ" አልኳቸው። በዚህኛው አልዋሸሁም።